ፊት ለፊት የማይመጡት ዘበኛ

እናቴ ደውላ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ምን እንደበላሁ ነው። ቀጥላ ስለ ብርዱ፣ አብረውኝ ስለሚያድሩት ልጆች፣ የካፌው ሽሮ በርበሬ ይኑረው አይኑረው ጠየቀች። ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አያ ወልዱን ትንሽ አሟቸዋል» አለችኝ።

በእኛ አገር በስልክ «ትንሽ አሞታል» የተባለ ሰው ቢያንስ ሰልስቱ ወጥቷል። ይህን የማያውቅ የሰቆጣ ልጅ የለም። አያ ወልዱ ራሳቸው በዚህ ነገር ይቀልዱ ነበር። «እኔ ስሞት ትንሽ አሞታል እንዳትሉ» ይሉ ነበር። «ትንሽ ያመመኝ ከሠላሳ ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ ማንም አልደወለም።»

«መቼ ነው ያመማቸው?» አልኳት።

«ማክሰኞ» አለች። የስልኩ ካርድ ዝም ብሎ እየሄደ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

«አዝመራስ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ ክፍል አልገባችም። በሩ አጠገብ ትደርሳለች፣ አዲሱን ዘበኛ ታያለች፣ ትመለሳለች። ርዕሰ መምህሩ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልገባች ስሟ ይሰረዛል ብለዋል።»

አዝመራ ታናሽ እህቴ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ኦቲዝም አለባት። አያ ወልዱ የምትማርበት ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። እኔ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። በዚያው ሳምንት የሳይኮሎጂ መምህራችን ስለ ባህሪ ማሻሻያ እያስተማሩን ነበር። የተሰጠን ሃንድአውት አርባ ሁለት ገጽ ነው። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ በሁለት ዓይነት ቀለምም አስምሬበታለሁ። ስለ በቅሎ የሚል ነገር ግን አንድም ቦታ አላገኘሁም። ምናልባት በሁለተኛው ዓመት ይሰጥ ይሆናል።

አያ ወልዱ ዘበኛ ከመሆናቸው በፊት በቅሎ ጫኝ ነበሩ። አሞሌ ጨው ጭነው የአበርገሌን ቆላ አቋርጠው ሰቆጣ ገበያ ያራግፉ ነበር። የጭነት መኪና መንገዱን ሲወስድባቸው በቅሎዎቹ ለየሰው ተሸጡ፤ እሳቸው ትምህርት ቤት ገቡ። «ከበቅሎ ወደ መምህር ተዛወርኩ» ይሉ ነበር። «ሥራው ያው ነው። በቅሎዎቹ ግን በሰዓታቸው ይነሡ ነበር።»

ቀለሙ የለቀቀ የወታደር ካፖርት በጋም ክረምትም ይለብሳሉ። የወይራ መፋቂያ ከአፋቸው አይጠፋም። ሰው ሊናገሩ ሲሉ መፋቂያውን ያወጡና ጫፉን ትኩር ብለው ያዩታል፤ የሚናገሩትን እዚያ ላይ ያነበቡ ይመስላሉ። መፋቂያው ሲወጣ መምህራኑ መንገድ ይቀይሩ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ኮቱን እየቆለፈ ለሚመጣ መምህር ከኩርሲያቸው ብድግ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «መምህር፣ ለነገው ነው የመጡት? እንዴት ያለ ትጋት ነው!» ይላሉ።

እኔንም አልማሩኝም። አዝመራ ትምህርት በጀመረችበት ዓመት እኔ በዚያው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የክፍል አለቃ ሆኜ የሚያወሩ ልጆችን ስም እጽፋለሁ። ማንም ሳያዘኝ የተማሪዎቹን ስም በፊደል ተራ አሰናድቼ አስረክብ ነበር። ስሜ እንጉዳይ ነው። በር ላይ ባለፍኩ ቁጥር «ዶክተር እንጉዳይ፣ ዛሬ ስንት ሰው ገደልሽ?» ይሉኛል። እኔም ከልቤ ቁጥሩን እነግራቸው ነበር።

አዝመራ ሰባት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ቃል አልተናገረችም። የጎረቤቶቻችንን ደግነት ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም፤ አንዳቸውም ሕክምና ሳይማሩ የልጅቷን በሽታ ከነመድኃኒቱ በነፃ ነግረውናል። አንዷ ቡዳ ነው አሉ። ሌላዋ እናቴ ነፍሰ ጡር ሳለች የረገጠችው ነገር ነው አሉ። ሦስተኛዋ አባቴ ለሥራ ሳዑዲ ስለሄደ ነው ብለው ፈረዱ፤ እሱ የሄደው ግን ልጅቷ ሦስት ዓመት ከሆናት በኋላ ነው። ጸበል ወሰድናት። በጥቅምት ማለዳ በረዶ የመሰለ ውሃ ሲወርድባት ጮኸች፤ መጮኋ ደግሞ ያለባት ነገር ማስረጃ ሆነ። በዚያ ውሃ በዚያ ሰዓት የማይጮኽ ጤነኛ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በመጨረሻ ሆስፒታል አንድ ባለሙያ «ኦቲዝም» የሚል ቃል ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ ወረቀቱን ዳዊቷ ውስጥ አስቀመጠችው። እዚያ ምንም ነገር እንደማይጠፋ ታውቃለች።

ርዕሰ መምህሩ ሲቀበሏት አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። «እስከ ፋሲካ እንያት። ከግቢ አንድ ጊዜ እንኳ ከጠፋች ግን ኃላፊነቱን አልወስድም፤ ቤት ትዋል» አሏት እናቴን። ቤት ትዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናቴ ታውቃለች። እሷ ገበያ ትውላለች፤ ቤት ውስጥ ማንም የለም። በጋዝጊብላ አንዲት የሩቅ ዘመዳችን እንዲህ ያለ ልጅ ነበራት። ከቤቱ ምሰሶ ጋር ታስሮ ነው ያደገው። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም፤ ማሳ ነበራት እንጂ።

የትምህርት ቤታችን ደወል የጭነት መኪና ቸርኬ ነው። ግራር ላይ ተንጠልጥሎ በብረት ይመታል። አያ ወልዱ የሚመቱት ሻይ ቤት የተቀመጡት መምህራን እንዲሰሙ ስለሆነ፣ ግቢ ውስጥ ያለነውን አጥንታችንን ያነቃንቀን ነበር። አዝመራ በገባች በመጀመሪያው ቀን ደወሉ ሲመታ ጆሮዋን ይዛ ወደ በሩ በረረች። አያ ወልዱ ብረቱን ጥለው ከፊቷ ቆሙ፤ ክንዳቸውን ዘርግተው ያዟት። ነከሰቻቸው። ትንሽ ንክሻ አልነበረም። የእጃቸው አንጓ ላይ ደም ወጣ፤ ጠባሳውም እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። «ሜዳሊያዬ» እያሉ ለእንግዳ ያሳዩት ነበር።

እናቴ ከበሩ ውጪ ሆና ታይ ነበርና እየሮጠች መጣች።

«አያ፣ ይቅር ይበሉን፣ በማርያም! ነከሰችዎ?»

መፋቂያው ወጣ። «የለም፣ አቤቱታ አቀረበችልኝ» አሉ። እጃቸውን አገላብጠው ካዩ በኋላ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። «ጥርሷ ደህና ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ደንግጣለች፤ እኔ ደግሞ ፊት ለፊት መጣሁባት። የደነገጠች በቅሎ ላይ ፊት ለፊት የመጣ ሰው ቢረገጥ ማንን ይከሳል?»

«ልጄን ከበቅሎ ጋር?» አለች እናቴ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

«ኧረ አልደፈርኩም፣ እሜቴ! በቅሎ ለመሆን ገና ብዙ ይቀራታል። በቅሎ እኮ አሞሌ ተሸክማ የአበርገሌን ቁልቁለት ትወርዳለች። ይህቺ ደብተሯን እንኳ ጥላ ነው የሮጠችው።»

እናቴ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አያ ወልዱ ኩርሲያቸውን ከበሩ አንሥተው አዝመራ የተቀመጠችበት የአጥሩ ጥግ ወሰዱት። ከፊቷ አልተቀመጡም። ከጎኗ ሆነው፣ ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብለው፣ እሷ ወደምታይበት ወደ ግድግዳው ዞሩ። አዝመራ ቆርኪ ትደረድር ነበር። እሳቸውም ከሻይ ቤት ቆርኪ ለቅመው መጥተው በበኩላቸው መደርደር ጀመሩ። አልጠሯትም፤ አልነኳትም፤ አላዩዋትም። አንዳንድ ጊዜ ለራሳቸው ያህል ቀስ ብለው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በኽምጣኛ ያወራሉ። «ለምን በአማርኛ አያወሯትም?» ስላቸው፣ «በአማርኛም በኽምጣኛም አትመልስልኝም። ታዲያ ለእኔ በሚቀለኝ ላውራ እንጂ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩ አገኟቸው።

«አያ ወልዱ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ቆርኪ እየደረደርኩ ነው።»

«ለምን?»

«ይህቺን ልጅ ለምን እንደምትደረድር ብጠይቃት አልነገረችኝም። ስደረድር ይገባኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

በዘጠነኛው ቀን አዝመራ እጇን ሰድዳ በአያ ወልዱ መስመር ላይ የተገለበጠ አንድ ቆርኪ አቃናች። አያ ወልዱ በዚያን ቀን ለገባና ለወጣ ሁሉ ይህን አወሩ። «አረመችኝ እኮ! እዚህ ስሠራ ሥራዬን ያየልኝ የመጀመሪያዋ ሰው ናት» እያሉ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምስጋና ወረቀት ቢሰጣቸው እንዲህ አይደሰቱም ነበር። የምስጋና ወረቀቱን ግን ማረጋገጥ አልቻልንም፤ ማንም አልሰጣቸውም።

ከዚያ ወደ ደወሉ ተሻገሩ። ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ከጎኗ ቁጢጥ ብለው መዳፋቸውን ዝቅ አድርገው ይዘረጋሉ። ጣቶቻቸውን ከአውራ ጣት ጀምረው አንድ በአንድ ያጥፋሉ፤ ሳይቸኩሉ። አምስቱም ታጥፈው ጡጫ ሲሆን ይነሣሉ። አዝመራ በዚያ ጊዜ ነጠላዋን በጆሮዋ ላይ ትይዛለች። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ይመቱና፣ ከዚያ ለመምህራኑ የሚሆነውን ያሳርፋሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መዳፋቸውን ሲዘረጉ ጣቶቹን የምታጥፈው እሷ ሆነች። በዚህ ምክንያት የትምህርት ቤቱ ሰዓት በየቀኑ አንድ ደቂቃ ዘገየ። ማንም አላወቀም፤ መምህራኑ በአሥር ደቂቃ ይዘገዩ ስለነበር።

ክፍል ውስጥም መቀመጥ ጀመረች፤ በሩ አጠገብ፣ በሩ ተከፍቶ። በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ቀጥሎ ሁለት። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቶ ነበር።

በዚህ መካከል እርዳታ ደረሰልን።

ከትልቅ ከተማ አንድ አሠልጣኝ መጥቶ በሆቴል አዳራሽ ለሦስት ቀን ስለ ልጆች ባህሪ ሥልጠና ሰጠ። አያ ወልዱ አልተጠሩም፤ ሥልጠናው ለባለሙያዎች ነበር። ርዕሰ መምህሩ ቦርሳ፣ ኮፍያና አንድ ጥቅል ፍሊፕ ቻርት ይዘው ተመለሱ። እውነቱን ለመናገር ርዕሰ መምህሩ መጥፎ ሰው አልነበሩም። የተነገራቸውን በሙሉ ልባቸው የሚያምኑ ሰው ነበሩ፤ እኔም ተማሪ ነኝና ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። ቻርቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈው አስረዱን። የሁሉ ነገር መሠረት ልጅቷ የሰው ዓይን ማየቷ ነው። ዓይን ባየች ቁጥር ብስኩት ይሰጣታል፤ ካላየች አይሰጣትም። ቀላል ነበር። ቀስቶችም ነበሩበት።

በየቀኑ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ከአዝመራ ፊት ለፊት ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። አገጯን በሁለት ጣት ቀና አድርገው «አዝመራ፣ ዓይኔን እይ!» ይላሉ። አዝመራ ብስኩቱን ታያለች። አያ ወልዱ በመስኮቱ ይሰሙ ነበር።

«እኛ እኮ ሴት ልጅ የታላቅ ሰው ዓይን አፍጥጣ ስታይ ዓይን አውጣ ብለን የምንቆነጥጥ ሰዎች ነን» አሉ ለእኔ፤ ግን ክፍል ውስጥ እንዲሰማ አድርገው። «ዛሬ ደግሞ አላየሽም ተብላ ብስኩት ተከለከለች። ምስኪኗ የየትኛውን መንግሥት ሕግ ትስማ?»

«አያ ወልዱ፣ ይህ ሳይንስ ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ ከውስጥ።

«አይ ጥሩ፤ እኔ ብስኩት መስሎኝ ነው።»

ከብዙ ቁንጥጫና ከብዙ ማባበል በኋላ አዝመራ በቀን አንዴ ሁለቴ ዓይናቸውን ማየት ጀመረች፤ ቶሎ አይታ እንደ ተቃጠለ ሰው ዞር ትላለች። ቻርቱ ላይ ምልክት ተደረገ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። አዝመራ ሰባት ዓመት ስለሞላት እናቴ ጾም አስጀምራታለች። ርዕሰ መምህሩም የንስሐ አባት ያላቸው ሰው ናቸው፤ የብስኩቱን ወረቀት ሲያነቡ ወተት የሚል አገኙ። ቻርቱን ከላይ እስከ ታች ፈለጉበት። አሠልጣኙ ስለ ሁዳዴ ምንም አልጻፈም። ሃምሳ አምስት ቀን ያለ ብስኩት እንዴት ዓይን ይታያል?

ርዕሰ መምህሩ ሲያስቡ አድረው መፍትሔ አመጡ፤ ቆሎ። የሚያመጣው ደግሞ ማን ነው? ዘበኛው።

«ለአንድ ዓይን ስንት ፍሬ ላምጣ?» አሉ አያ ወልዱ፤ ብለውም ወጡ። የገበያ ቀን ነበር።

እሳቸው ገና ከአጥሩ እንደታጠፉ የሆነውን በክፍላችን መስኮት አይቼዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ እንደ ወትሮው ተቀመጡ፤ አገጯን ያዙ። አዝመራ አየቻቸው። ሥራዋን ሠርታለች። እጇን ዘረጋች። ብስኩት የለም። «ቆሎው እየመጣ ነው» አሏት፤ ይህ በየትኛውም ቋንቋ ለሰባት ዓመት ልጅ የሚያረካ መልስ አይደለም። አዝመራ ጮኸች፤ ቻርቱን ከግድግዳ ገነጠለች፤ ወጣች። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

ርዕሰ መምህሩ ተከተሏት። ከኋላቸው ሁለት ክፍል ተማሪ ተከተለ። እኔም ነበርኩበት፤ «ያዟት! ያዟት!» እያልኩ። ገበያ ስንደርስ ደግሞ የሰቆጣ ሰው ሩጫ አይቶ ዝም አይልም።

«ምንድን ነው? ሌባ ነው?»

«ልጅ ናት!»

«ልጅ ሰረቀች?»

«ያዝ እንጂ፣ ምን ትጠይቃለህ!»

በርበሬ ሻጩም፣ ፍየል ጎታቹም፣ የባጃጅ ሹፌሩም ተጨመሩ። አዝመራ ጆሮዋን በሁለት እጇ እንደያዘች ከገበያው ጀርባ ወዳለው ገደል ሮጠች። አፋፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። እግሯ ከጠርዙ አንድ እርምጃ አይርቅም። ሁላችንም እየጠራናት ወደፊት ተጠጋን፤ በተጠጋን ቁጥር እሷ ወደ ጠርዙ ፈቀቅ ትላለች። እናቴ ከመደቧ ተነሥታ መጥታ «ልጄን! ልጄን!» እያለች ደረቷን ትደቃለች።

አያ ወልዱ ቆሎውን በወረቀት ጠቅልለው ደረሱ።

«ተቀመጡ!» አሉ።

ማንም አልተቀመጠም።

«መቀመጥ አታውቁም? መሬቱ ያው ነው፤ እስከ ዛሬ ማንንም አልጣለም። ተቀመጡ! አንተ ፍየልህን ይዘህ ተቀመጥ። ርዕሰ መምህር፣ እርስዎም፤ ለኮቱ አያስቡ። አፋችሁንም አብራችሁ አስቀምጡት።»

ርዕሰ መምህሩ ተቀመጡ። እሳቸው ሲቀመጡ እኛ ተቀመጥን። ገበያተኛው ተቀመጠ። እናቴን እኔ ይዣት ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚያ ገበያ ሆኖ አያውቅም።

አያ ወልዱ ወደ አዝመራ አልሄዱም። በአፋፉ ዳር ዳር ሄደው ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው ተቀመጡ። እሷን አላዩም፤ እሷ የምታየውን ሸለቆ አዩ። ከካፖርታቸው ኪስ ቆርኪ አውጥተው መሬት ላይ መደርደር ጀመሩ። ፀሐይዋ ዘወር እስክትል ደረደሩ። አንድ አህያ አናፋ፤ ባለቤቱ አፉን በእጁ ያዘው። አዝመራ መወዛወዟን ቀነሰች። ቀጥላ ተወች። ከጠርዙ ራቀች፤ ቀስ እያለች መጥታ ቁልቁል አየች፤ አንድ ቆርኪ አቃናች። አያ ወልዱ መዳፋቸውን ዘረጉላት። አምስቱን ጣት አንድ በአንድ አጠፈች። ጡጫ ሲሆን ተነሡና ጎን ለጎን ወደ ቤት ሄዱ። በመካከላችን ሲያልፉ ለማንም ሰላምታ አልሰጡም።

ቅድመ ሁኔታው ግን ተሰብሯል፤ ልጅቷ ከግቢ ጠፍታለች። በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ። እናቴ ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች፤ ደህና አድርጌ እንድናገር። ትናንት «ያዟት» ስል የዋልኩት እኔ ከእናቴ ጀርባ ተደበቅኩ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን አንሥተው «ተማሪዋ ከግቢ የጠፋች በመሆኑ» ብለው ማንበብ ሲጀምሩ በሩ አጠገብ የቆሙት አያ ወልዱ መፋቂያቸውን አወጡ።

«ጥሩ ተጽፏል» አሉ። «ግን ሌላም መስመር ጨምሩበት። በሩን ትቶ ቆሎ ሲፈልግ የነበረው ዘበኛው ነው። የላከው ርዕሰ መምህሩ ነው። ያሯሯጣት ከተማው ነው። እሷ ያደረገችው ገደሉ ዳር ስትደርስ መቆም ነው። ከሁላችን የት መቆም እንዳለባት ያወቀችው እሷ ብቻ ናት። በዚህ ምክንያት እናባርራት ካላችሁ ፈርሙ፤ እኔም እፈርማለሁ። ፊርማዬ ጣት ነው፤ ከነሜዳሊያው።»

ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ኩርሲዎን ክፍሏ በር ላይ ያድርጉት» አሉ። «የግቢውን በር እኔ አያለሁ።» ፍሊፕ ቻርቱ በክረምቱ የዘበኛ ቤቱን ቀዳዳ ጣሪያ ደፈነ። ቀስቶቹ ወደ ሰማይ ያመለክቱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አያ ወልዱ ከጎኗ ነበሩ። አዝመራ ዛሬ ወደ ሃያ የሚሆኑ ቃላት አሏት፤ አብዛኞቹ የኽምጣኛ ናቸው። እናቴ ቁጭ ብላ ከእሷ ትማራለች።

አንድ ቀን ይህን ሁሉ ትዕግሥት ከየት እንዳመጡት ጠየቅኋቸው። ደብተርና ብዕር ይዤ ነበር። እንደ ጎበዝ ተማሪ አንድ የሞተ ወንድም ወይም አንድ የታመመ ልጅ ጠብቄያለሁ፤ ታሪኩ እንዲያምር።

«ዳማ የምትባል በቅሎ ነበረችኝ» አሉ። «ቁልቁለቱ ላይ ድንገት ቆመች። ግትር ሆነች ብዬ ፊት ለፊቷ ሄጄ በልጓሙ ጎተትኳት። እኔ ስስብ እሷ ወደኋላ ስትል ገደሉ ወሰዳት።»

«ከነጨው ጭነቷ?»

«ከነጭነቷ። ሰው ሁሉ ስለ ጨው አዘነልኝ።» መፋቂያውን አወጡ፤ ጫፉን አዩት፤ ግን መልሰው ጎረሱት። «ዘወር ስል መንገዱ ላይ እባብ ነበር» አሉ። «ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የምጎትታት። እሷ ፊት ለፊቷ ታየዋለች።»

ብዕሬን ከደብተሩ ላይ አነሣሁ።

«ጻፊ እንጂ፣ ዶክተር፤ ምን ታፈጥጫለሽ?»

ከእናቴ ስልክ በኋላ ፈቃድ ለመጠየቅ ሄድኩ። ቅጹ «ከሟች ጋር ያለዎት ዝምድና» ይላል። አባት፣ እናት፣ አያት፣ ወንድም፣ እህት። የእህት ዘበኛ የሚል የለም። «አያት» ላይ ምልክት አደረግሁ። በሕይወቴ ቅጽ ላይ ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው። በወልድያ በኩል በአውቶቡስ መጥቼ ሰቆጣ ገባሁ። በማግሥቱ ጠዋት አዝመራን ይዤ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

አዲሱ ዘበኛ አዲስ የደንብ ልብስ የለበሰ፣ ፊሽካ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው። ደወሉን በሰዓቱ፣ በሙሉ ጉልበቱ ይመታል፤ ይህ በእኛ ትምህርት ቤት ታይቶ አያውቅም። አዝመራን ሃያ እርምጃ ያህል ወደኋላ ትቼ ሄጄ አስረዳሁት። ሃንድአውቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ያሰመርኩባቸውን አነበብኩለት። «እሺ፣ እሺ» እያለ በትሕትና ሰማኝና «እህቴ፣ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው» ብሎ ብረቱን አነሣ።

ተመልሼ ወደ አዝመራ ሮጥኩ። አርባ ሁለት ገጽ በሁለት ቀለም ያሰመርኩት እኔ ከፊቷ ቆሜ ሁለቱን እጆቿን ያዝኩ። «አዝመራዬ፣ ነይ እንጂ። እይኝ፣ እኔን እይኝ!» እያልኩ ወደ በሩ ጎተትኳት። መሬት ላይ ተቀመጠች።

ከኋላዬ መፋቂያ ከአፍ ሲወጣ የሰማሁ መሰለኝ።

እጇን ለቀቅኩ። ዞሬ ከጎኗ ተቀመጥኩ፤ የዩኒቨርሲቲ ልብሴን ሳላስብ። እሷ ወደምታይበት አየሁ። ከመጣሁ ጀምሮ የማየው የዘበኛውን ፊት ነበር። እሷ የምታየው ግን ፊቱን አይደለም፤ እጁ ላይ የተነሣውን ብረት ነው። እጄን ወደ ላይ አድርጌ ዘበኛውን «ቆይ!» አልኩት። ቆየ። ሁላችንም ቆየን።

አዝመራ ተነሣች። ዞር ብላ በጎኑ መጣችበት፤ በፊቱ አይደለም። ብረት ያልያዘውን እጁን ያዘች፤ መዳፉን ዘረጋችው። አውራ ጣቱን አጠፈች።

«ምን እያደረገች ነው? ሰዓቱ እኮ አለፈ!»

መልስ አልሰጠሁትም። ሁለተኛውን አጠፈች። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ትንሿ ጣቱ አልታጠፍም ብላ ትንሽ አስቸገረቻት። ጡጫ ሲሆን ለቀቀችው፤ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ያዘች። ዘበኛው ጡጫውን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ ከፍርሃት ይሁን ከሌላ፣ ቸርኬውን ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ነካው። አዝመራ በሩን አልፋ ወደ ክፍሏ ሄደች።

ደወሉ አንድ ደቂቃ ዘግይቷል። መምህራኑ ሻይ ቤት ነበሩ።

«ነገም እንዲህ ልታደርገኝ ነው?» አለኝ ዘበኛው፤ ጡጫውን ገና ሳይፈታ።

«እሷን ጠይቃት» አልኩት። «ፊት ለፊት ግን አትምጣባት።»